ከጎሮ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ፦ የኦፍሮድ መንገድ ፍለጋ ማስታወሻ

መስከረም 28

ሱዙኪ ቪታራዋን ከገዛኋት ሁለት ዓመት አለፈ። ባለ 3 በር፣ 1.6 ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ፣ ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታና በኃይል የሚያሽከረክር ማርሽ) ያላት። ይህን ሁሉ ጊዜ ፎር ዊሉን ያስገባሁት ሰፈራችን ውስጥ በክረምት ብቻ ነው። ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች ለመሄድ ቢያንስ የአራት ቀን ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ እሁድ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ከምኖርበት ከአዲስ አበባው ጎሮ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት ቤቴ የምመለስበት፣ መኪናዋን የምር የሚያሠራ መንገድ የት አለ?

ለራሴ ያወጣሁት ደንብ፦ ከቤት ከ60 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አስፋልት ላይ መሆን አለብኝ። ብቻዬን አልሄድም፣ ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነው። ዋዜማውን ወደ አካባቢው ደውዬ ስለ ሰላሙ ሳልጠይቅ አልነሳም። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ከተባልኩ ይቀራል፣ ክርክር የለም።

ጥቅምት 2

ሦስት ማታ ላፕቶፕ ላይ አመሸሁ። ጉግል ኧርዝ ላይ የሳተላይት ምስሉን እያጎላሁ መንገድ የሚመስለውን ሁሉ በመስመር ሳልኩ። 11 መስመር ወጣ። ወደ እንጦጦ ጀርባ ሁለት፣ የረር ዙሪያ አምስት፣ ወጨጫ ሁለት፣ ዝቋላ አንድ፣ ሰንዳፋ አቅጣጫ አንድ። ሁሉንም ስልኬ ላይ ወዳለው ኦስማንድ የተባለ የካርታ መተግበሪያ ጫንኳቸው፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል።

የመረጥኩበት መንገድ፦ ቀጭን የሆነውን፣ የሚጠማዘዘውን፣ ቤት የሌለበትን። ሰው የማይሄድበት መንገድ የተሻለ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን እዚህ የጻፍኩት በኋላ ወደ ስህተቱ ስለምመለስ ነው።

ጥቅምት 10፣ እንጦጦ ጀርባ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ብርዱ ከባድ ነበር። የሳልኩት መስመር ከጫፉ ወደ ሱሉልታ በኩል በባህር ዛፍ መሃል ይወርዳል። የመጀመሪያው 400 ሜትር ጥሩ ነው፤ ቀይ አፈር፣ ትንሽ ድንጋይ። ከዚያ መንገዱ እየጠበበ ሄደና ቦረቦር ቆረጠው። ጥልቀቱ ወገብ ይደርሳል። ማዞሪያ ቦታ የለም። ወንድሜ ከኋላ እየሄደ በእጁ እያሳየኝ 600 ሜትር ያህል የኋሊት ወጣሁ። 50 ደቂቃ ፈጀ።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። መስመሩ በ700 ሜትር ውስጥ 180 ሜትር ይወርዳል። ከ25 በመቶ በላይ ቁልቁለት ማለት ነው። ይህን ከመሄዴ በፊት ማወቅ እችል ነበር፤ የሁለቱን ጫፍ ከፍታ አንብቦ ማካፈል ብቻ ነው። ከእንግዲህ ከ20 በመቶ በላይ የሆነውን መጀመሪያ በእግሬ ሳልወርደው በመኪና አልገባበትም። የሳተላይት ምስልም ባህር ዛፍ ሥር ያለውን አያሳይም፤ ቦረቦሩ ጥላ ውስጥ ነበር።

ሌላው ነገር ግን ከሒሳቡ ይበልጥብኛል። የኋሊት ስወጣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ መጡ። የሸክሙ ወርድ መንገዱን ሙሉ ይይዛል። እኔን ለማሳለፍ ከነሸክማቸው ገደሉ ዳር ቆሙ። አንዷ ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደግፋ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። ያ መንገድ የነሱ ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱበት አላውቅም እንጂ እኔ የምሄድበት ለመዝናናት ነው። የእንጦጦን ሁለቱንም መስመር ሰረዝኩ። 9 ቀረ።

ጥቅምት 24፣ የረር አንደኛ ሙከራ

የረርን ከቤቴ በረንዳ በየማለዳው አየዋለሁ። ከፍታው 3,100 ሜትር ይደርሳል፤ ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። ከዱከም ወደ ሰሜን ታጥፈን ወደ ግርጌው የሚሄደውን ሜዳ ያዝን። ከሁለት ቀን በፊት ትንሽ ዘንቧል። ላዩ ደርቆ ግራጫ ሆኗል። ደርቋል ብዬ ገባሁ።

ዋልካ ነው። የአካባቢው ሰው ኮቲቻ ይለዋል። ላዩ እንደ ቅርፊት ይደርቃል፣ አንድ ጣት ዝቅ ሲሉ ግን እንደ ሊጥ ነው። 30 ሜትር ሳልሄድ መሪው ቀለለኝ። ወርጄ ጎማውን አየሁት፤ ጥርሱ የለም። ጭቃው ሞልቶት ልሙጥ ጥቁር ክብ ሆኗል። ፎር ሎው አስገብቼ ነዳጅ ሰጠሁ። ይሄ ትልቁ ስህተት ነበር። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ራሱን ቀበረ፣ የፍሪሲዮን ሽታ መጣ። የጎማ አየር ከ28 ወደ 18 ፒኤስአይ አወረድኩ። ለአሸዋ ይሠራል ይባላል። ዋልካ ላይ ምንም አልጠቀመኝም።

አካፋ አልያዝንም። በእጅና በጠፍጣፋ ድንጋይ ጎማ ጎማውን ስንቆፍር አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ አንድ አባት ከሁለት ልጆች ጋር ዶማ ይዘው መጡ። ሰላም ብለውን ዝም ብለው መኪናዋን ዞሯት። ጎንበስ ብለው ሥሯን አዩና፦

"ልጄ፣ የተቀመጠችው በሆዷ ነው። ጎማዋን ተዋት።"

እውነታቸውን ነው። የኋላ ዲፈረንሻሉ መሃል መንገዱ ላይ ባለው ጉብታ ተቀምጧል። ጎማው ሥር የቱንም ያህል ብንቆፍር ክብደቷ ጎማው ላይ አልነበረም። በዶማቸው መሃሉን ከሥሯ አወጡት፣ ልጆቹ ከማሳ ዳር ድንጋይ እያመጡ ከጎማው ፊት ደረደሩ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳልሰጥ፣ ፍሪሲዮን ቀስ ብዬ ስለቅ ወጣች። 25 ደቂቃ!

ገንዘብ ስሰጣቸው እጄን መለሱት። "ሰው ጭቃ ውስጥ ቆሞ እያየን እንዴት እናልፋለን" አሉኝ። ከዚያ ከመንገዱ አፈር አንስተው በመዳፋቸው መሃል አሽተው እንደ ጧፍ ክር ጠቀለሉት። ሳይበጠስ ረዘመ። "እንዲህ ካለህ አትግባ። ከተፈረፈረ ሂድ።" ቀጥለው ወደ ቀኝ፣ ቆርቆሮ ቤቶች ወዳሉበት ከፍ ያለ ቦታ አሳዩኝ። "ቤት የሚሠራው ውሃ በማይተኛበት ነው። መንገድ የምትፈልግ ከሆነ በሰው ደጅ በኩል ሂድ። ሜዳው የሽምብራ ነው።"

ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ሽምብራና ጓያ የቆመበት ማሳ ካየሁ አፈሩ ገና ውሃ ይዟል ማለት ነው። እዚያው ዙሪያችን ሽምብራ ነበር። ለዓመታት ከመንገድ ዳር እሸት ገዝቼ ስበላ ይህን አላሰብኩትም።

ኅዳር 1፣ ወጪ

መካኒኩ ፍሪሲዮኑን ሞክሮ "ገና ነው፣ ግን ሌላ እንዲህ ዓይነት እሁድ አይችልም" አለኝ።

ሥሯን በግፊት ውሃ ማሳጠብ 300 ብር። የደረቀ ዋልካ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ በዕለቱ ካልታጠበ በመሮ ነው የሚነሳው። አጭር አካፋ ከምናለሽ ተራ 450። መጎተቻ ገመድ ከነመንጠቆው 1,400። ያገለገለ የጎማ ኮምፕሬሰር ከሶማሌ ተራ 2,600። ጎማ ሥር የሚገቡ ሁለት ወፍራም ጣውላ፣ አንድ አንድ ሜትር፣ 900። ድምር 5,650 ብር።

ለዚህ ሥራ የተሠራው የፕላስቲክ ማውጫ ሰሌዳ ዋጋው የጎማ ዋጋ ነው። ጣውላው ይበቃል። ብቻ ላዩ ላይ የሽቦ ወንፊት ቸነከርኩበት፤ እርጥብ ጣውላ ያንሸራትታል።

ኅዳር 8፣ እንደገና ካርታ

ዛሬ አልወጣሁም። የአባትየውን ምክር ይዤ መስመሮቹን ከአዲስ ጀመርኩ። በፊት ቤት የሌለበትን ነበር የፈለግኩት። አሁን ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭበትን፣ ከመንደር መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን የሚያገናኘውን ከፍታ ተከተልኩ።

ጉግል ኧርዝ ኮምፒውተር ላይ የድሮ ምስሎችን በቀን ያሳያል። አንዱን መንገድ በመጋቢትና በመስከረም አስተያየሁት። በመጋቢት አንድ ነጭ መስመር ነው። በመስከረም እንደ ሹሩባ አራት አምስት ሆኖ ተበታትኗል። መኪናው ሁሉ ጭቃውን እየሸሸ በማሳው ሲሄድ የፈጠረው ነው። ይሄ ከሁሉም ምልክት የሚታመን ሆኖ አገኘሁት። መስመሩ ሹሩባ ከሠራ እዚያ ዋልካ አለ። በሁለቱም ወር አንድ መስመር ሆኖ ከቆየ ድንጋይ ወይም ቀይ አፈር ነው። የአፈሩ ቀለምም ይረዳል፤ ግን ምስሉ የተነሳበት ወር ካልታየ ያሳስታል፤ ደረቅ ዋልካ ከላይ ሲታይ ግራጫ ነው።

ከ9 ወደ 4 ወረደ። የሰንዳፋው ሙሉ በሙሉ ሹሩባ ነው፣ ወጣ። ከወጨጫ አንድ፣ ከየረር ሦስት ወጡ።

ኅዳር 22፣ ወጨጫና መናገሻ ሱባ

ከጎሮ እስከ ሰበታ ብቻ 1 ሰዓት ከ25። ከሰበታ በኋላ ግን ሌላ ዓለም ነው። መንገዱ ቀይ አፈርና ድንጋይ፣ ውሃውን ወዲያው የሚያፈስ። የሱባ ደን መግቢያ ከፍለን ገባን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። አንዳንዱ ጽድ ሦስት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው አይመስለኝም። ጉሬዛ አየን።

ስለ መኪናዋ፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር ቱርቦ ከሌለው ሞተር ጉልበት 10 በመቶ ያህል ይወስዳል። የኔ 80 የፈረስ ጉልበት 3,000 ሜትር ላይ 56 ገደማ ይቀረዋል ማለት ነው። በተለመደው ማርሽ የሚወጣ የመሰለኝ ዳገት ላይ ሞተሩ ማነቅ ጀመረ። በፎር ሎው ሁለተኛ ግን ያለ ጭንቀት ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ፣ ግማሽ ላይ ሸተተ። ቆመን 20 ደቂቃ አቀዘቀዝን። ከዚያ በፎር ሎው አንደኛ፣ እግሬን ከፍሬኑ አንስቼ ወረድኩ፤ ሞተሩ ራሱ ያዛት። ይህን ከላይ ጀምሮ ማድረግ ነበረብኝ።

ለደን ጉብኝት ወደር የለውም። ለኔ ፍለጋ ግን አይሆንም። ደን ውስጥ ከተፈቀደው መንገድ አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም። ቅርብ የሚለውን ቃልም በኪሎ ሜትር መለካት ስህተት መሆኑን ዛሬ አየሁ፤ የቀኑ ግማሽ ያለፈው ከተማ ውስጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መለኪያው ከቤት እስከ አፈሩ መጀመሪያ ያለው ሰዓት ነው። ዱከም 45 ደቂቃ ናት።

ታኅሣሥ 13

የረር ሄደን ሳንነዳ ተመለስን። ጤፍ ታጭዷል፣ ነዶው በየማሳው ተከምሯል፣ መንገዱ ዳር አውድማ ተለቅልቆ በሬዎች ይዞራሉ። አቧራዬ ሁሉ እህላቸው ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ወጣት ገበሬ በእጁ ቀስ በል አለኝ፣ ቆምኩ። እስከ ጥር አልመጣም።

ጥር 4፣ የረር ሁለተኛ ሙከራ

በመጀመሪያ እኚያን አባት ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ነበር፤ ይሄን ተቀበሉኝ። ቡናው እስኪፈላ ተቀመጥን። ያ የቀበረኝ ሜዳ አሁን ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ያው አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል።

ከመንደሩ በላይ ያለው መንገድ እንደ ተመኘሁት ነው። ቀይ አፈር፣ ከዚያ ደረጃ የሚመስል ድንጋይ፣ ከዚያ አንድ ጠባብ ጅረት፣ ከዚያ ደግሞ ድንጋይ። ጅረቱን ወንድሜ ሱሪውን ጠቅልሎ በዱላ እየለካ ተሻገረ። ከጉልበት በታች፣ ሥሩ ጠጠር። አለፍን።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጎማውን ድንጋዩ ላይ ማስወጣት ሲገባኝ ድንጋዩን በመሃል አስገባሁት። ጠፍጣፋ ነበር የመሰለኝ። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) መታ። ድምፁን ወንድሜም ሰማ። ስንወርድ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ነው። ሞተር አጥፍተን ኮፓው ሲቀዘቅዝ ቦታውን በጨርቅ አደረቅኩት፣ ደረቅ የልብስ ሳሙና በኃይል ቀባሁት። የድሮ ሾፌሮች ብልሃት ነው። ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ በየ15 ደቂቃው ዘይት መለኪያውን እያየሁ፣ የያዝኩትን 1 ሊትር እየጨመርኩ ዱከም ደረስኩ።

ጥር 9፣ ጋራዥ

ኮፓ ማስፈታትና ብየዳ 1,800 ብር። አዲስ ዘይት 4 ሊትርና ፊልትሮ ለብቻው። ከኮፓው ሥር ባለ 4 ሚሊ ላሜራ መከላከያ አሠራሁ፣ 4,500 ብር።

መከላከያው ሁለቴ ተሠራ። መጀመሪያ ሲገጥሙት የዘይት መፍሰሻ ቡሎኑን ሸፈነው። ዘይት ለመቀየር በየጊዜው ስድስት ቡሎን ሊፈታ ነው። እንደገና አውርደን ክብ ቀዳዳ አስቆረጥኩ። ከፊት በኩል ጠርዙ ወደ ላይ ካልታጠፈም እንደ ማረሻ አፈር ይቆርጣል፤ እሱንም አሳጠፍኩት። ልታሠሩ ለምታስቡ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ንገሩ።

ጥር 25፣ የረር ሦስተኛ ሙከራ

ዙሩ ተዘጋ! ከአስፋልት እስከ አስፋልት 23 ኪሎ ሜትር፣ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ቆመን የበላንበትን ጨምሮ። ትልቁ ዳገት 17 በመቶ። ነዳጅ አስፋልት ላይ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄደው አፈሩ ላይ 5 ተኩል ሄደች።

አየሩን ወደ 20 አወረድኩ። ድንጋዩ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል፣ ወንበሩም አይመታም። ያቺ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ወርጄ በእግሬ አየኋት። የግራ ጎማ የት እንደሚያርፍ ወንድሜ ቆሞ አሳየኝ። መከላከያው አንዴ ብቻ ፈተገ።

መጨረሻ ላይ አየር ልሞላ ኮምፕሬሰሩን ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ስሰካ ፊውዙ ተቃጠለ። በ20 አየር ቀስ እያልን እስከ ዱከም ጎሚስታ ሄድን። በማግስቱ ሶኬቱን ቆርጬ በቀጥታ ባትሪ ላይ የሚነክስ መቆንጠጫ ገጠምኩለት፣ መሃሉ ላይ ፊውዝ አድርጌ።

የካቲት 9፣ ዝቋላ

ከቢሾፍቱ ወጥተን ሄድን። ተራራው 2,989 ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። ዳገቱ ረጅም ነው፣ አቧራው ብዙ። መኪናዋ ሳትቸገር ወጣች። ከላይ የሚታየውን ሜዳ አይቶ የማይደነቅ የለም። ግን ገዳም ነው፤ የሚሄዱበት ለመሳለም ነው። በጥቅምት 5ና በመጋቢት 5 ደግሞ መንገዱ የምዕመናን ነው። መኪና ለመፈተን ሁለተኛ አልሄድበትም።

ስለዚህ ከ11 መስመር ለእሁዴ የቀረልኝ የየረር ዙር ነው፣ ከሁለት አጫጭር ቅርንጫፎቹ ጋር። አንድ ጥሩ መንገድ በ45 ደቂቃ ርቀት። ከዚህ በላይ አልፈልግም።

የካቲት 23

ዙሩን በተቃራኒ አቅጣጫ ልሞክር ወጣሁ። ወደ ላይ የወጣሁበትን ወርዶ ማየት ሌላ መንገድ ነው። የድንጋዩን ደረጃዎች በፎር ሎው አንደኛ ጨረስን። ጅረቱ ደርቋል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በቢሾፍቱ በኩል ደመናው ጠቆረ። የበልግ ዝናብ ነው። ቀዩ አፈር እስኪያልቅ ትላልቅ ጠብታ መስታወቱን ይመታ ጀመር፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ወረደ። ወደ አስፋልት የሚያቋርጠው አጭሩ መንገድ በሜዳው ነው፣ 2 ኪሎ ሜትር። በመንደሮቹ ከዞርኩ 9 ኪሎ ሜትር። ወንድሜ "ገና እኮ ላዩ ነው የረጠበው" አለ።

ቀዩ አፈር የሚያልቅበት ጋ ቆምኩ። ወርጄ ከመንገዱ አንድ ጭብጥ አነሳሁና በመዳፌ አሸሁት። መጀመሪያ ተፈረፈረ። ትንሽ ጠለቅ አድርጌ እንደገና አነሳሁ። ተጠቀለለ፣ ረዘመ፣ አልተበጠሰም። እጄን ሣሩ ላይ ጠርጌ መኪናዋን ወደ ቆርቆሮ ቤቶቹ አዞርኳት።